ፈቃድ ያጣች መኪና

ጥቅምት 6

ለተወደድሽው ለእህቴ ልጅ፣

ጤናሽ እንደምን ሰንብቷል? እኔ በፈጣሪ ቸርነት ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ጉልበቴም ይግባኝ የማይባልበት ፍርድ ስለሆነ ተቀብዬው ተቀምጫለሁ። ያለሽበት አገር ብርዱ ይራራልሽ፣ የሰው ፊት ይብራልሽ።

ስልክ እያለ ለምን ይጽፋሉ እንዳትይኝ። በስልክ «ደህና ነሽ?» «ደህና ነኝ» ተባብለን እንዘጋለን፣ ከዘጋን በኋላ ሳስበው ምንም አላወራንም። ሠላሳ አንድ ዓመት ፍርድ ቤት በር ላይ የሰው አቤቱታ ስጽፍ ኖሬ፣ የራሴን ነገር ወረቀት ላይ ካላየሁት ነገር አይመስለኝም። ስለዚህ እንደ ወጉ፦

አመልካች፦ አክስትሽ
ተጠሪ፦ አንቺ
ጉዳዩ፦ መኪናዬ አላውቅሽም ስላለችኝ

ባለፈው ሳምንት ማክሰኞ መብራት ሄዶ ሲመጣ መኪናዬ ከምላት ከኮምፒውተሯ ሆድ «ጧ!» የሚል ድምፅ ወጣና ሽታው ቤቱን ሞላው። የውርስ ክርክር ያለባቸው አንድ ሽማግሌ ከፊቴ ተቀምጠው ነበር። «ልጄ፣ የኔ ጉዳይ ነው እንዴ ያቃጠላት?» አሉኝ። ከፎቶ ኮፒው ቤት ጎን ያለው ጠጋኝ ወስዶ ፈታታት። የነደደው ማዘርቦርዱ ነው አለ፤ ሌላው ዕቃ ሁሉ የሚሰካበት ዋናው ሰሌዳ መሆኑ ነው። ያገለገለ ሰሌዳ ፈልጎ ገጠመላት። ጽሑፎቼ ያሉበት ዲስክ ምንም አልሆነም፣ ተመስገን።

ስትነሣ ግን ከታች በስተቀኝ ጥግ ላይ «ዊንዶው አክቲቬት አልተደረገም»፣ ፈቃዱ አልጸደቀም እንደማለት፣ የሚል ደብዘዝ ያለ ጽሑፍ ይዛ ተነሣች። ብከፍት እዚያው ነው፣ ብዘጋ እዚያው ነው። ጠጋኙ እንዳስረዳኝ ዊንዶው ፈቃዱን የሚያስታውሰው በሰሌዳው ነው። ሰሌዳው ሲቀየር ሌላ ኮምፒውተር ላይ የተጫነ ይመስለዋል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይሉ የለ? ይኸው መኪናዬም ለራሷ ባዳ ሆነች።

መተየቡን ትተይባለች፣ ያ ጽሑፍም ወረቀት ላይ አይወጣም። ባለጉዳዮቼ ግን ዓይናቸው እዚያ ጥግ ላይ ነው። ትናንት አንዲት ሴትዮ የቤት ግንባታ ፈቃድ ማመልከቻ ልታስጽፍ መጥታ፣ ጽሑፉን አስነብባኝ፣ «ራሷ ፈቃድ የሌላት መኪና ለኔ እንዴት ፈቃድ ትጠይቅልኛለች?» ብላ ከማዶ ወዳለው የጽሕፈት ቤት ተሻገረች። ከዚያ ወዲህ አራት ሰው ተሻግሯል።

ጠጋኙ «እትዬ፣ የተሰበረ የፈቃድ ቁልፍ በሁለት ደቂቃ አስገባላታለሁ፣ ማን ያውቃል?» አለኝ። ፍርድ ቤት ደጃፍ ተቀምጬ በስርቆት ቁልፍ አልጽፍም አልኩት። ትክክለኛው መንገድ አንቺ ጋ ነው። ስትጭኚው ፈቃዱን ከራስሽ አካውንት ጋር አያይዘሽዋል አሉ። በዚያ ተገብቶ «በቅርቡ ዕቃ ቀይሬያለሁ» የሚለውን መንካት፣ ከሚወጣው ዝርዝር መኪናዋን መርጦ «ይቺ ናት» ማለት ነው። የአካውንትሽን አድራሻና ፓስወርዱን ላኪልኝ፤ የምጠይቀው ዳኝነት ይኸው ነው።

የሆስፒታሉ መዝገብ ቤት ሥራሽ እንዴት ነው? ወንበሩ ወገብሽን አላመመሽም? እናትሽ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ «ልጄ ኮምፒውተር ላይ ተቀምጣለች» እያለች ሰፈሩን ያሰለቸችው ትዝ እያለኝ ብቻዬን እስቃለሁ።

አክስትሽ


ኅዳር 14

እንደ አክስትም እንደ እናትም ለሆኑልኝ እትዬ፣

የከበረ ሰላምታዬ ባሉበት ይድረስዎ። ጉልበትዎን ይማርልኝ። እኔ ደህና ነኝ፣ አያስቡ።

ደብዳቤዎን አውቶቡስ ውስጥ ነው ያነበብኩት። «አመልካች፣ ተጠሪ» የሚለው ላይ ስደርስ ብቻዬን ሳቅ አመለጠኝና አጠገቤ የነበረው ሰውዬ ሌላ ወንበር ፈለገ። ያቺ ክፍል ዓይኔ ላይ መጣችብኝ። የቆርቆሮ በሯ፣ ጃንጥላዎን የሚሰቅሉበት ሚስማር፣ የባለጉዳይ ብዛት መሃሉን ያጎበጠው አግዳሚ ወንበር። እኔ ጠረጴዛው ሥር ተቀምጬ የቤት ሥራዬን ስሠራ የጽሕፈት መኪናዋ ከላይ ስትንጣጣ፣ መስመር ባለቀ ቁጥር ደወሏ ቅጭል ስትል! እስከ ዛሬ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ከሰማሁ የእርስዎ ጣት ነው የሚመስለኝ።

ያ ሰውዬስ ትዝ ይልዎታል? ሰው ሁሉ «ባለመኪናዋ» ሲልዎት ሰምቶ ለሠርግ መኪና ሊከራይ የመጣው? እናቴ ፊቷን ኮስተር አድርጋ «መኪናዋስ አለች፣ ግን የምትሄደው ከግራ ወደ ቀኝ ብቻ ነው» አለችው። ሰውዬው ደግሞ አሰበበት እኮ! «መንገዱ ቀጥ ያለ ነው፣ ግድ የለም» አለ። እናቴ ወጥታ ግድግዳ ተደግፋ እስክታለቅስ ሳቀች። ሁልጊዜ እንደዚያ እያለች ነው የማስታውሳት።

ጣቶቼን በጨርቅ ሸፍነው ያስተማሩኝንም አልረሳሁም። አጮልቄ ሳይ በእርሳስ ጀርባ እጄን ነካ አድርገው፣ «ዓይን ወረቀት ላይ፣ ጣት መኪናው ላይ!» ይሉኝ ነበር። አሁንም ጨለማ ውስጥ ብቀመጥ ፊደሎቹ የት እንዳሉ አውቃለሁ።

ስለ ኮምፒውተሩ፣ ጠጋኙ ያለው እውነት ነው። ግን የኔ አካውንት ጣጣ አለው፤ ያን የነገርኩዎትን አዲሱን ላፕቶፔንም የምጠቀመው በዚያው ነው። ፓስወርድ ለሰው መስጠት ደግሞ መዝገብ ቤታችን አይወድም። ስለዚህ አዲስ ቁልፍ ይግዙና ይገላገሉ። ገንዘቡን ዛሬ ልኬያለሁ።

ሥራዬ ደህና ነው። ወንበሩም ደህና ነው። አለቃዬም ደህና ናት።

ልጅዎ


ኅዳር 30

ልጄ፣

ሰላምታዬ ይድረስሽ፤ ብርዱም ችግሩም ካንቺ ይራቅ።

ደብዳቤሽ ደስም አሰኘኝ፣ ሆዴንም ባር ባር አለው። የሠርጉን ሰውዬ ረስቼው ነበር። እናትሽን ከነሳቋ አምጥተሽ አጠገቤ አስቀመጥሽልኝ። ፈጣሪ ይስጥሽ።

ግን እኔ የሰው ቃል ሳነብ ነው ያረጀሁት። ከሦስት ገጽ ደብዳቤሽ ሁለት ተኩሉ ስለ ድሮ ነው። ስለ ዛሬ የጻፍሽው አንድ መስመር ነው፣ እሱም ውስጥ ሦስት «ደህና» አለ። ሦስት ምስክር ቃል በቃል አንድ ዓይነት ሲናገር ዳኛው ቀና ብሎ ያያል። አልጠይቅሽም። እንዳየሁት ብቻ እወቂ።

ገንዘብሽ ባንክ ተቀምጧል፣ አልነካውም። ያላለቀ ፈቃድ እያላት ለምን አዲስ እገዛላታለሁ? ሰው እግሩ ተሰብሮ ብረት ቢገባለት አዲስ ስም ይወጣለታል? መኪናዋ ያችው ናት። የገዛናት ቀን የተቀደደው ካርቶን እንኳ አለኝ፣ ክረምት ላይ በሩ ሥር አነጥፈዋለሁ።

ያን ቀን ታስታውሻለሽ? አንቺ ሳጥኑን፣ እኔ ሽቦውን፣ እናትሽ ስክሪኑን ይዘን አውቶቡስ ተሳፈርን። ስክሪኑን አጠገቧ ወንበር ላይ አስቀምጣ በሹራቧ ሸፈነችው። ረዳቱ መጥቶ «እትዬ፣ ይሄ ዕቃ የሰው ቦታ ይዟል» ሲላት፣ «ዕቃ አይደለም፣ ታሟል፣ ሐኪም ቤት እየወሰድነው ነው» አለችው። ሁለት ቲኬት ቆረጠች። ማታ አንቺ ስትጭኚ ዊንዶው የመኪናዋን ስም ጠየቀ። እኔ «ኮምፒውተር ይባላል እንጂ ሌላ ምን ስም አለው?» ስል፣ እናትሽ «ባለመኪናዋ በዪው፣ ጌታዋን ትምሰል» አለችሽ። ጻፍሽው። ይኸው ሰባት ዓመቷ ነው በዚያ ስም።

ምስጢርሽን አልፈልግም። ጠጋኙ ሲገባ አጠገቡ እቆማለሁ፣ ሲጨርስ ፓስወርዱን ትቀይሪዋለሽ። መስጠት ካልፈለግሽ ደግሞ «እትዬ፣ አልፈልግም» በዪኝ። እምቢታ ሰምቼ አላውቅም መሰለሽ?

አክስትሽ


ጥር 22

ልጄ፣

ሃምሳ ሁለት ቀን ሆነ። ስልክሽ ይጠራል፣ አይነሣም። የፖስታ ቤቱ ሠራተኛ ከሩቅ ሲያየኝ አንገቱን መነቅነቅ ጀምሯል።

ጉዳዩን አንስቻለሁ። ፓስወርድም ቁልፍም ይቅርብኝ፤ ያረጀችውን የጽሕፈት መኪና አውርጄ አቧራዋን ጠርጌያለሁ፣ ቀለሟን ካገኘሁ ትሠራለች። ከማመልከቻው ላይ ሁሉንም ሰርዘሽ ጤናሽን ብቻ ጻፊልኝ። አንድ መስመር ይበቃኛል።

አክስትሽ


የካቲት 10

ለተከበሩ እትዬ፣

እግርዎ ላይ ወድቄ ይቅርታ እጠይቃለሁ። አልታመምኩም። ስልኩን ያላነሣሁት ድምፅዎን ከሰማሁ የምናገረው ስለማላውቅ ነው። ደብዳቤ ጽፌ ጽፌ ቀድጃለሁ።

ያቺን አሮጌ መኪና ብቻዎን ከመደርደሪያ ላይ አወረዱ? በዚያ ጉልበት? እሱን ሳነብ ልቤ አልቻለም። አድራሻውን ከዚህ ወረቀት ጀርባ ጽፌዋለሁ። ፓስወርዱ «ዓይን ወረቀት ላይ ጣት መኪናው ላይ» የሚለው ነው፣ በላቲን ፊደል፣ ሳይነጣጠል። የሆነ ቀን ሌላ ላደርገው ብዬ ነበር፣ ጣቴ እምቢ አለኝ።

ሲገቡ ስልኬ ላይ ስድስት ቁጥር ይመጣል፣ እሱን ማንበብ አለብኝ። ስለዚህ እሑድ የካቲት 29 በእርስዎ አገር ሰዓት ከቀኑ ስምንት ላይ ይደውሉልኝ፣ ስልኩን ይዤ እጠብቃለሁ። ጠጋኙ ሴቲንግ ውስጥ አክቲቬሽን የሚለው ጋ ይሂድ፣ ከዚያ «ዕቃ ቀይሬያለሁ» ይበል። ዝርዝሩ ሲወጣ «ባለመኪናዋ» የምትለዋን ይምረጡ።

ዝርዝሩ ላይ ብዙ አይቆዩ፣ እትዬ።

ልጅዎ


መጋቢት 3

ለተወደድሽው ልጄ፣

ፈጣሪ እጅሽን ይባርከው። በመጀመሪያ ደስታውን ልንገርሽ፤ የጥጉ ጽሑፍ ጠፍቷል። ይህን የምጽፍልሽ በባለፈቃዷ መኪና ነው።

የእሑዱን በስልክ በደንብ ስላላወራነው እንደነበረ ልጻፈው። ጠጋኙ ኳስ ሊያይ ተነሥቶ ሳለ ነው የያዝኩት፣ ማልያውን እንደለበሰ መጣ። ፓስወርዱን ፊደል በፊደል ሳነብለት «እትዬ፣ ይሄ ፓስወርድ ነው ወይስ ምክር?» አለኝ። የመጀመሪያውን ስድስት ቁጥር እኔ በእስክሪብቶ እስክጽፈው ጊዜው አለፈበት። ሁለተኛውን ስታነቢልኝ ከኋላሽ ከባድ ነገር ሲያጉረመርም ይሰማኝ ነበር። መዝገብ ቤት እሑድ ቀን እንዲህ ያጉረመርማል? አልኩ በሆዴ።

ከዚያ ዝርዝሩ ወጣ። አንድ ስም ብቻ ነው ያለው፤ «ባለመኪናዋ»።

ጠጋኙን «ሌላውስ? ላፕቶፕ አላት እኮ» አልኩት።

«በዚህ አካውንት የተገባበት ኮምፒውተር ሁሉ እዚህ ነው የሚወጣው። ከዚች ሌላ የለም» አለኝ።

አንቺ በስልኩ ውስጥ «ዝርዝሩ ወጣ፣ እትዬ?» አልሽ። «ወጣ» አልኩሽ። ጠጋኙ አንዴ እኔን አንዴ ስክሪኑን ያያል። «በይ፣ መርጫታለሁ» አልኩሽ። «ደስ ይበልዎት» ብለሽ ዘጋሽው።

ሆድ ይፍጀው ብዬ ልተወው ነበር። ሦስት ቀን አሰብኩበት። ዛሬ አንድ ነገር ልነግርሽ ተነሣሁ፤ ከእናትሽ በቀር ማንም የማያውቀውን።

አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ላይ ትልቅ መሥሪያ ቤት ተቀጠርኩ። ለአባቴ በጸሐፊነት ነው አልኩት። አባቴ ደስ ብሎት በሰፈሩ እየዞረ «ልጄ በአሥር ጣቷ ነው የምትበላው» ይል ነበር። የተቀጠርኩት ግን ወለል ልወለውል ነው። አሥራ ሁለት የጽሕፈት መኪና የተደረደረበት አዳራሽ ነበር፣ እኔ ከጠረጴዛዎቹ ሥር ወረቀት እለቅማለሁ። ጸሐፊዎቹ ምሳ ሲወጡ መስኮቱ ጋ ካለችው መኪና ፊት እቀመጥና ከቅርጫት ያነሣሁትን የተበላሸ ወረቀት እተይብበታለሁ። አንድ ቀን የጸሐፊዎቹ አለቃ ጓንቷን ረስታ ተመልሳ አገኘችኝ። ምንም አላለችም። በማግስቱ ያቺን መኪና ንጹሕ ወረቀት ጎርሳ አገኘኋት። መተየብን እንዲህ ነው የተማርኩት።

አባቴ አንድ ቀን በድንገት መጣ። ኮሪደሩ ላይ ባልዲና መወልወያ ይዤ ቆሜ፣ ከደረጃው ብቅ ሲል አየሁት። እሱም አየኝ። ፊቱን አዞረና ቤት እንደተሳሳተ ሰው ወረደ። ማታ ራት ላይ «መኪናው ጣት አያደክምም?» ብሎ ጠየቀኝ። «ይለመዳል» አልኩት። ከዚያ በኋላ አሥራ አምስት ዓመት አብረን ኖርን፣ አንድም ቀን አላነሣውም። እኔን ላለማሳፈር ብሎ ነው፣ አውቃለሁ። ግን ልጄ፣ እንዳየኝ እያወቅሁ በየማታው እሱ ፊት መቀመጥ ከባልዲው ይልቅ ከብዶኝ ነበር። በመጨረሻ በእውነትም ጸሐፊ ሆኜ የመጀመሪያ ቀን ስመለስ እንኳ ልነግረው አልቻልኩም፤ ምን ብዬ ልንገረው?

አባቴ ያደረገብኝን እኔ አላደርግብሽም። ዝርዝሩን አይቻለሁ። ምን እንደምትሠሪ አላውቅም፣ ምንም ይሁን ምን ልጄ ነሽ። ብትጽፊልኝ አነባለሁ። ባትጽፊም ማየቴን አውቀሽ ተኚ።

አክስትሽ


መጋቢት 27

እትዬ፣

ዛሬ ሰላምታውን በኋላ ላድርገው።

የልብስ ማጠቢያ ቤት ነው የምሠራው። ሆስፒታል ነው ያልኩት እውነት ነው፤ መዝገብ ቤቱ ግን ሦስተኛ ፎቅ ነው፣ እኔ ምድር ቤት ነኝ። የበሽተኛ አንሶላ፣ የሐኪም ጋውን፣ ፎጣ እናጥባለን፣ እንተኩሳለን፣ እናጥፋለን። ሲያጉረመርም የሰሙት የማድረቂያው መኪና ነው። እሑድ ተረኛ ነበርኩ፣ ድምፁ እንዳይሰማዎት ጋሪዎቹ ጀርባ ተደብቄ ነበር ቁጥሩን ያነበብኩልዎት።

መዝገብ አያያዝ ልማር ነው የመጣሁት፣ እሱ ውሸት አልነበረም። የቋንቋውን ፈተና ሁለቴ ወደቅሁ። ሦስተኛውን ልቀመጥ ስል እናቴ ታመመች፣ የመድኃኒቱ ወጪ ፋታ የሚሰጥ አልነበረም፣ ያገኘሁትን ሥራ ያዝኩ። ለጊዜው ነው ብዬ «መዝገብ ቤት ገባሁ» አልኳት። ስልኩን ሳትዘጋ ለጎረቤት ስትጮህ ሰማኋት። «ልጄ ኮምፒውተር ላይ ተቀመጠች!» እትዬ፣ ያን ድምፅ እንዴት መልሼ ልውሰድባት? ካረፈች በኋላ ደግሞ የሷን ቃል የማፈርስ መሰለኝ። እንዲህ እንዲህ እያልኩ አራት ዓመት ሞላኝ።

የፈራሁት ፓስወርዱን አይደለም፣ ያንን ዝርዝር ነው። አብራኝ የምትኖረዋን ልጅ ላፕቶፗን ለምኜ በአካውንቴ ልግባበት አሰብኩ። ዝርዝሩ ላይ ሁለት ስም ይሁን ብዬ እኮ ነው! ሰጠችኝ። ከፍቼ አድራሻዬን ጻፍኩ፣ ፓስወርዱን ልጽፍ ጣቴን ሳሳርፍ የእርስዎ ድምፅ መጣብኝ። ከደንኩና መለስኩላት። ሃምሳው ቀን ያለፈው በዚህ ነው።

የአባትዎን ታሪክ ያነበብኩት አንሶላ ክምር ላይ ተቀምጬ ነው። እንደ ልጅ አለቀስኩ። አብራኝ የምታጥፈዋ ሴትዮ ደንግጣ «ማን ሞተ?» አለችኝ። «ማንም። አክስቴ ወለል ትወለውል ነበር» አልኳት። አብዳለች ሳትለኝ አልቀረችም።

አሁን ሰላምታዬን ይቀበሉኝ። ደህና ነኝ። ክንዴ ላይ የመተኮሻው ትንሽ ጠባሳ አለ፣ እግሬ ማታ ያብጣል፣ ደግሞ ደህና ነኝ።

ልጅዎ


ሚያዝያ 14

የኔ እናት፣

ሰላምታሽን ተቀብያለሁ፤ እንዲህ ያለ ሰላምታ ከሄድሽ ጀምሮ ስድስት ዓመት ስጠብቅ ኖሬያለሁ።

እግርሽን ማታ ከፍ አድርገሽ ተኚ። ጠባሳሽን ለፀሐይ አታሳዪው። ሌላ ምክር የለኝም።

እናትሽን አላዋረድሻትም። ያን ቀን ከደስታዋ ብዛት የጮኸችው ስለ ወንበርሽ አይደለም፣ ራስሽን ስለቻልሽ ነው። እህቴ ናት፣ አውቃታለሁ፤ ልብስ ታጥባለች ብትባልም ያንኑ ያህል ትጮህ ነበር፣ ምናልባት «የሐኪሞች አለቃ ልብስ ነው» ብላ ትጨምርበት ይሆናል።

ትናንት የውርሱ ሽማግሌ መጡ። ጥጉን አይተው «ጠፋልሽ?» አሉኝ። «የእህቴ ልጅ ከሩቅ ሆና አስጠፋችልኝ» አልኳቸው። «ምን ትሠራለች?» አሉኝ። በሩ ላይ አምስት ስድስት ሰው ተቀምጧል፣ ሁሉም ጆሮው ቆሟል። ልሰውርሽ ይሆን ብዬ አንድ አፍታ አሰብኩ። ከዚያ «ሆስፒታል ውስጥ የበሽተኞች ልብስ ታጥባለች» አልኩ፣ ድምፄን ሳልቀንስ። ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አወለቁ። «ሚስቴ ሦስት ወር ተኝታ ነበር። ንጹሕ አንሶላ ሲቀየርላት ብቻ ነበር የምትስቀው። እንዲህ ያለች ልጅ ትባረክ» አሉ። ምርቃቱ እንዳለ እንዲደርስሽ ያሉትን ቃል በቃል ተየብኩት።

ባንክ ያስቀመጥኩትን ገንዘብ መልሼ ልኬዋለሁ። አትቆጪ። የመምጫሽ ማገዣ አድርጊው፤ መቼ እንደምትመጪ ግን አልጠይቅሽም።

አክስትሽ


ግንቦት 21

ለእትዬ፣ ለባለመኪናዋ፣

ከጉልበትዎ ጀምሮ እስከ ባለጉዳዮችዎ ድረስ ሁሉም እንደምን ሰንብተዋል? የሽማግሌውን ምርቃት ለአጣፊዋ ሴትዮ ተርጉሜላት፣ «ንገሪያቸው፣ እኔም አንሶላ አጥፋለሁ፣ ለኔም ይድረሰኝ» ብላለች። እባክዎ ያስመርቁልኝ።

የምነግርዎት ነገር አለኝ። መተኮሻው ክፍል ያለው ማራገቢያ ከተበላሸ ሁለት ወር አልፎታል። እንፋሎቱ መውጫ የለውም፣ ባለፈው አንዷ ራሷን ስታ ወደቀች። አለቃችን በተነገራት ቁጥር «እሺ» ትላለች። ምሳ ላይ ሁሉም ሲያጉረመርሙ አፌ ቀደመኝና «በጽሑፍ አመልክተናል ወይ?» አልኳቸው። እርስ በርስ ተያዩ። ማንም ጽፎ አያውቅም።

እዚያው የማድረቂያው መኪና ላይ ወረቀት ዘርግቼ ጀመርኩ። የዚህ አገር ቋንቋ አሁንም ያደናቅፈኛል፣ ስለዚህ አጫጭር አደረግሁት። አመልካቾች እነማን እንደሆኑ፣ ለማን እንደሚጻፍ፣ ጉዳዩ ምን እንደሆነ፣ መቼ እንደተበላሸ፣ ማን በየትኛው ቀን እንደወደቀች፣ የምንጠይቀው ምን እንደሆነ። ምሬት አላስገባሁም፤ «ምሬት ለቤት፣ ቀን ለጽሑፍ» ይሉ አልነበር? አሥራ አንድ ሴት ፈረመችበት።

በአምስተኛው ቀን አለቃዬ ቢሮዋ ጠራችኝ። ወረቀቱ ፊቷ ነበር።

«ማን ነው የጻፈው?»

«እኔ ነኝ» አልኩ።

«እንዲህ መጻፍ የት ተማርሽ?»

«አክስቴ ጋ። ፍርድ ቤት በር ላይ ነው የምትሠራው።»

ወረቀቱን ደግማ አየችው። «ሌላ ጊዜ መጀመሪያ እኔ ጋ አምጪው፣ እፈርምበታለሁ» አለችኝ። ሐሙስ ዕለት ሁለት ሰዎች መሰላል ይዘው መጡና አዲስ ማራገቢያ ሰቀሉ። ሲነሣ የተደረደሩት አንሶላዎች ጫፍ ጫፋቸው ተርገበገበ፣ አሥራ አንዳችንም ሥራ አቁመን ከሥሩ ቆምን። አጣፊዋ ሴትዮ ሻሿን ፈታ ፀጉሯን አስነፈሰችው።

ከዚያ ወዲህ ምሳዬን በወጉ በልቼ አላውቅም። አንዷ ለቤት አከራይዋ፣ አንዷ ለልጇ ትምህርት ቤት፣ ሁሉም ወረቀት ይዞ ይመጣል። ትናንት አጣፊዋ ከሁሉም ኋላ ቆየችና ጎኔ ተቀመጠች። ለእናቷ ልትጽፍ ትፈልጋለች፣ እጇ ግን ጽሕፈት አያውቅም። «ምን ብዬ ልጻፍላት?» አልኳት። እናቷ ልጃቸው ሱቅ ያላት እንደሚመስላቸው ነገረችኝ።

እስክሪብቶውን አስቀመጥኩና የርስዎን የመጋቢት ደብዳቤ ከቦርሳዬ አወጣሁ። የአባትዎን ታሪክ እየተረጎምኩ አነበብኩላት። ሲያልቅ ባዶውን ወረቀት በጣቷ ወደኔ ገፋ አደረገችውና «በይ ጻፊ» አለችኝ። «የልብስ ማጠቢያ ቤት ነው የምሠራው በዪ። ከዚያ ሰላምታውን።»

ልጅዎ